ሙቅ ውሃ ብቻ ያስታገሰው ትውከት

እናቴ ማርገዜን ያወቀችው በውሃ ድምፅ ነው። አላረገዝኩም ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ያህል ቤታችን ውስጥ እርጉዝ ሆኜ ኖሬያለሁ። ባል ተፈልጎልኛል፣ ሂና ተበጥብጦልኛል፣ እኔም አፌን ዘግቼ እሺ ብያለሁ። ይህን የምጽፈው እዘኑልኝ ለማለት አይደለም። በየማለዳው የምታስመልስ፣ የምርመራ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ የተጠራቀመባት፣ ሙቅ ውሃ ካልፈሰሰባት የማይሻላት አንዲት ልጅ ካነበበችው፣ ከእኔ ቀድማ ትነቃለች ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። አባቴ ሞቷል። እናቴ ሰኞ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ተቀጠርኩ፤ የሚያመርተው ጨርቅ ነው። እናቴ "ጨርቅ ከሆነማ እዚሁ አለልሽ፣ ምን ያወርድሻል?" አለችኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ በሜትር መለካት አልችልም። አንድ ቦታ ሲያቆዩኝ እግሬ የሚያሳክከኝ ዓይነት ሰው ነኝ። ወረድኩ።

ሰብለ ከምትባል የሥራ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። የሌሊት ፈረቃ ሠርተን ጠዋት ስንመለስ የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ማሽኑ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ሰብለ ከትራሷ ሥር ቀጭን ጥቅልል አወጣች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"እንቅልፍ።"

"ሐሺሽ ነው እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ! እንደ ፖሊስ በስሙ ትጠሪዋለሽ? ሳር በይው። በግ ይበላው የለ?"

ሳቅኩ፣ አስሳለኝ፣ ተኛሁ። በማግስቱም ተኛሁ። መጀመሪያ አካባቢ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሳይቀር ያስቀኝ ነበር። ከወራት በኋላ ማሳቁን አቆመ፣ ሥራው ማስተኛት ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ማስተኛቱንም ተወው። ያኔ የማጨሰው ሳላጨስ ስቀር የሚመጣብኝን ብስጭት ለማጥፋት ነበር። ሱሰኛ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሱሰኛ ማለት ለእኔ ጎዳና ላይ የወደቀ ወንድ ነው። እኔ ደሞዝ የምቀበል፣ ለእናቴ ሻሽ የምገዛ ሴት ነኝ።

ትውከቱ የጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ጠዋት ስነቃ ሆዴ እንደ እርጥብ ልብስ ይጨመቃል። መጀመሪያ ምግቡ ይወጣል፣ ከዚያ ቢጫው ሐሞት፣ ከዚያ ምንም ሳይወጣ ማቃሰት ብቻ። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ያደርገኝና ይተወኛል። ሳምንታት ደህና እሆናለሁ። ከዚያ ይመለሳል። ሳጨስ ትንሽ የሚቀለኝ ይመስለኝ ስለነበር በታመምኩ ቁጥር ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው፣ ባክቴሪያ አለብሽ አለኝ። የሱንም ጨረስኩ። ሦስተኛው የሽንት ምርመራ አዞ "እርግዝና የለም" ብሎ ጻፈልኝና "ጭንቀት ነው፣ አትጨነቂ" አለኝ። አትጨነቂ ለመባል ተራ ስጠብቅ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ። ከእነዚያ ሁሉ አግዳሚ ወንበሮች የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። ከገጠር የመጣች ሴት ፌስታል አቅፌ ስታገል አይታ፣ ከጉያዋ ሎሚ አውጥታ ልጣጩን በጥርሷ ቦጨቅ አደረገችልኝ። "አሽችው፣ አሽችው የኔ ልጅ" አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። ሎሚውን ሦስት ቀን ያዝኩት።

ሁሉም ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠይቆኛል፦ "ታጨሻለሽ?"

"አላጨስም።"

ሲጋራ ስለማላጨስ ነው። ጥያቄው ስለ ሲጋራ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ውሸታም ነኝ ብዬ እንኳ አልተሰማኝም።

ሙቅ ውሃውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የተከራየንበት ግቢ ጥቁር ሮቶ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን የሮቶ ውሃ ያቃጥላል። አንድ ቀን ልብሴ ላይ አስመልሼ ልታጠብ ስገባ ውሃው ሆዴን ሲነካው ማቅለሽለሹ እንደ ራዲዮ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ጠፋ። እስኪያልቅ ቆምኩበት። ውሃው ሲያልቅ ተመለሰብኝ። ከዚያን ቀን በኋላ በታመምኩ ቁጥር ሮቶው ሥር ነኝ። አከራያችን "አንቺ ልጅ፣ ዓሣ ነሽ?" እያሉ ይሰድቡኝ ነበር።

በመጨረሻ ሥራዬን መሥራት አቃተኝ። ከስቼ፣ ቀሚሴ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎብኝ፣ ደሴ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። እናቴ አምባሯን ሸጣ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ አስመረመረችኝ። ሐኪሙ "ጨጓራዋ ንጹሕ ነው" አለ። እናቴ አልሐምዱሊላህ አለች። እኔ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ንጹሕ ከሆነ ምን ሆኜ ነው?

የደሴን ብርድ ለምታውቁ አልነግራችሁም። እዚህ ሮቶ በረዶ እንጂ ሙቅ ውሃ አይሰጥም። ትውከቱ የሚቀሰቅሰኝ ከሱብሂ ሶላት በፊት ስለነበር በጨለማ ተነስቼ ውሃ በሂተር አፈላለሁ፣ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ፣ በጣሳ ሆዴ ላይ እያፈሰስኩ እቀመጣለሁ። ከሰዓት ደግሞ "ሥራ ልፈልግ" ብዬ እወጣለሁ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ሐሺሽ የሚሸጥ ልጅ አግኝቻለሁ። አጭሼ፣ ሽታው እንዳይታወቅ ሽቶ ረጭቼ ለመግሪብ ሶላት እመለሳለሁ።

በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ባልና ሚስት አብረው ካደሩ ከሱብሂ በፊት ገላቸውን ይታጠባሉ። የጀናባ ትጥበት ይባላል። የወሎ እናት በዚያ ሰዓት የውሃ ድምፅ ስትሰማ ሌላ ነገር አታስብም። እኔ ግን አላሰብኩትም። የሚያስመልሰው ሰው ስለ ጀናባ አያስብም።

አንድ ቀን የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘሀራ፣ ቤታችን አደረች። ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማኋቸው።

"እኔ የምልሽ፣ ያላገባች ልጅ በየቀኑ ከሱብሂ በፊት የምትታጠበው የምን ጀናባ ኖሮባት ነው?"

"ኧረ በአላህ ዘሀራ! አፍሽን ያዢ!"

"እኔ አፌን ብይዝ ሆዷ አይያዝም። ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። ከሰዓት ወጥታ ሽቶ ውስጥ ተነክራ ትመጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ አንቺ አንድ ነው የወለድሽው።"

ማታ እናቴ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የማን ነው?"

"ምኑ?"

"አታስለፍልፊኝ። የማን ነው?"

"እማ፣ ወላሂ ማንንም አላውቅም። ተመርምሬም የለም ተብያለሁ።"

"ገና ከሆነ አያሳይም ብላለች ዘሀራ። እሺ ውሃው ምንድን ነው?"

"ይሻለኛል።"

"ከሰዓት የት ነው የምትሄጅው?"

ስለ ውሃው መልስ ነበረኝ። ለዚህኛው አልነበረኝም። እናቴ ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጥራው ተነስታ ወጣች።

ኑሩ የሚባል ሰው ነበር። ኮምቦልቻ ጎማ ይሸጣል፣ የአክስቴ ባል ዘመድ ነው። ከዓመት በፊት ሽማግሌ ልኮ እንቢ ብዬዋለሁ። አክስቴ "ሆዷ ሳይገፋ" ብላ ነገሩን በሳምንት ውስጥ እንደገና ቀሰቀሰችው። ኑሩ ስለ እርግዝናው አልተነገረውም። ያመመኝ ጨጓራ ነው ተባለ።

እናቴ ስትነግረኝ እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፤ ያኔ አላስደነገጠኝም። ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ፣ እርግዝና ከሐሺሽ የተሻለ ውርደት ነው፣ ኒካ፣ ጋብቻው፣ ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ኮምቦልቻ ሰብለ አለች። ስለ ሰውየው ምንም አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ እናቴና አክስቴ ባሉበት ሊያየኝ መጣ። እነሱ ሻይ ሊያመጡ ሲነሱ ዝግ ባለ ድምፅ "ወደሽ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ፊትሽ ግን እንደዛ አይልም።"

"ፊቴ ዱሮም እንዲህ ነው።"

"አብሽሪ፣ የኔንም ጎማ ይመስላል ይሉኛል።"

ቀልዱ ጥሩ እንደሆነ ገባኝ። ሰውየውም ጥሩ እንደሆነ ገባኝ። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈ ዋጋ እንደሚነበብ አነበብኩት እንጂ ምንም አልተሰማኝም። በዚያን ጊዜ ምንም ነገር አይሰማኝም ነበር። የአባቴ የሙት ዓመት ዱዓ በዚያው ሳምንት ሲደረግ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የምንጣፉን አበባ ስቆጥር ነበር።

ኒካው ለጁምዓ ተቀጠረ። ሐሙስ ከሰዓት ሂና ተቀባሁ። እንዲደምቅ ብለው ሁለቱንም እጄን በፌስታል ጠቅልለው በክር አሰሩት፣ "እስከ መግሪብ እንዳትፈቺው" አለች አክስቴ። ሴቶቹ ሳሎን ሲያወሩ ሆዴ ተጨመቀ። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ለእንግዶቹ ዕቃ ማጠቢያ የፈላ ውሃ በባልዲ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ጊዜ እጄን ነክሬ እለካዋለሁ፣ ቀዝቃዛ እጨምርበታለሁ። ያን ቀን እጆቼ ሂናና ፌስታል ውስጥ ናቸው። ጣሳውን በሁለት መዳፌ መሀል ይዤ ቀድቼ ሆዴና ጭኔ ላይ ደፋሁት።

ትውከቱ ቆመ። ስለዚህ ሁለተኛ ጣሳ ደፋሁ።

ማቃጠሉን ያወቅኩት ቆዳዬን ሳየው ነው። አልጮህኩም። ወጥቼ "እማ፣ ተቃጠልኩ" አልኳት፣ ሻይ ፈላ እንደሚባለው።

ሆስፒታል ቁስሌን የጠረገችልኝ ሲስተር አስካለ የምትባል ጠና ያለች ነርስ ናት። እናቴና አክስቴ ኮሪደር ላይ ቀሩ። ሲስተር አስካለ ፋሻ እያዘጋጀች ሆዴን አየችው፣ ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው።

"ይሄ የዛሬ ነው" አለች ቀዩን እያሳየች። "ይሄኛው ግን የዛሬ አይደለም።" ሆዴ ላይ ቡናማ፣ እንደ መረብ የተሠራ ምልክት ነበረኝ። ወራት ሙሉ ያየሁት ቢሆንም ምንነቱን ጠይቄ አላውቅም።

"ሙቅ ውሃ ነው" አልኳት።

"ዛሬ ሲያቃጥልሽ ለምን አላቆምሽም?"

"ይሻለኛላ።"

"ምኑ ነው የሚሻልሽ?"

"ትውከቱ።"

እጇ ቆመ። ሄዳ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ተመለሰች።

"የኔ ልጅ፣ አልፈርድብሽም። ሐሺሽ ታጨሻለሽ?"

በአንድ ዓመት ውስጥ ስሙን ጠርቶ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም "ታጨሻለሽ?" ብቻ ነው ያለኝ። ስሙን ስትጠራው ውሸቱ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ።

"አዎ።"

"ስንት ጊዜሽ?"

"ሦስት ዓመት። በየቀኑ።"

"አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበረን" አለች ወደ ቁስሉ እየተመለሰች። "መኪናው ላይ ውሃ ማፍያ ጭኖ ነበር የሚሄደው። እንዳንቺ ስንት ቦታ ታክሟል፣ የሱም ከሐሺሹ ነበር።"

ሐኪሙን ጠራችው። ሌላ ነገር እንዳይሆን ደምና አልትራሳውንድ አይቶ፣ እየተቀመጠ እየተነሳ አስረዳኝ። ካናቢስ፣ ማለት ሐሺሽ፣ ለረጅም ጊዜ አብዝተው ከሚያጨሱት አንዳንዶቹን እንዲህ ያለ ትውከት ይይዛቸዋል። ሙቅ ውሃ የሚያስታግሰው ለምን እንደሆነ ገና በደንብ አልታወቀም። የሚያድነው ማቆም ነው። "መድኃኒቱስ?" አልኩት። "ማቆም" አለኝ ደግሞ።

ቀሪውን ያስረዳችኝ ሲስተር አስካለ ናት። እናቴ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ጨርቅ ትሸጣለች አልኳት።

"ጥሩ። ጭንቅላትሽ ውስጥ ሸማኔ አለ በይ። ካናቢስ የሚመስል ነገር ራሱ እየሠራ፣ በልኩ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ያቀርባል። ረሃብን፣ እንቅልፍን፣ ደስታን፣ ፍርሃትን የሚያስተካክል ነገር ነው። ሁላችንም አለን፣ አጫሽ ሆንን አልሆንን። አንቺ የውጭ ጨርቅ በጭነት አስገባሽበት። ገዢው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ሸማኔው ምን ያደርጋል?"

"ይዘጋል።"

"ገዢውም ይቀንሳል። የጭንቅላት ሴሎች ላይ ያን ነገር የሚቀበሉ በሮች አሉ፣ ሲበዛባቸው ይጎድላሉ። አሁን የውጩ ጨርቅ ቢቆም ሸማኔው በማግስቱ ይከፍታል?"

"አይከፍትም።"

"አይከፍትም። እስኪከፍት ገበያው ባዶ ነው። ምንም አያስደስትሽም፣ ምንም አያሳዝንሽም። በዚያ ባዶ ገበያ ነው ሰው የሚመለሰው። እወቂው።"

ባዶውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ ልላት ነበር።

"ነገ ኒካ ነው አይደል?" አለች እጄን እያየች። "ሰውየው ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እናትሽስ?"

"አርግዛለች ብላ ነው የምትድረኝ።"

ሲስተር አስካለ አፏን በክንዷ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። "ይቅርታ የኔ ልጅ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ ኮስተር አለች። "እኔ ምስጢርሽን አላወጣም፣ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ግን ነገ አንድ ሰው ምን እንደሚፈርም ሳያውቅ ይፈርማል። ያንን ደግሞ እኔ ፋሻ ላደርግልሽ አልችልም።"

ኮሪደሩ ላይ እናቴና አክስቴ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቆሜ ነገርኳቸው፣ ለመቀመጥ ቁስሌ አይመችም።

"እማ፣ አላረገዝኩም።"

"እሺ" አለች። አላመነችኝም።

"ሐሺሽ ነው የማጨሰው። ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ትውከቱም ከሱ ነው፣ ውሃውም ከሱ ነው። ከሰዓት የምወጣው ለሱ ነው።"

"ወንድ የለም?"

"የለም።"

"አልሐምዱሊ..." አለችና ግማሹ ላይ አፏን በሻሿ ያዘች።

አክስቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። "ያ ጀሊል! ምነው ወንድ በሆነ! ወንድን እኮ ታገቢዋለሽ። ሐሺሽን ማን ያገባዋል?"

ከጎናቸው ተራ የሚጠብቅ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እናቴ አልሳቀችም። ለአራት ቀን አላናገረችኝም።

ለኑሩ ራሴ ደወልኩ። ሱቁ ውስጥ የአየር መሙያው ይጮሃል። ሁሉንም ነገርኩት፣ እርግዝናውንም ጭምር። ማሽኑን አጠፋው።

"ይድናል?"

"ካቆምኩ።"

"ታቆሚያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ለሽማግሌዎቹ እኔ ነኝ ያዘገየሁት እላለሁ። የሥራ ጉዞ ገጠመው በሏቸው።"

"ለምን?"

"ወሬው እኔ ላይ ቢያርፍ አይከብደኝም። ጎማ ላይ ማን ያወራል?"

ከዚያ በኋላ አልደወለም። አልፈረድኩበትም። ሂናው ግን አንድ ወር ሙሉ አልለቀቀኝም፣ ከመቃጠሉ የተረፈው ቆዳዬ ላይ በጣም አምሮ ነበር።

ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ ጥቂት ቀን ተኛሁ። ትውከቱ ቆመ። ማቆም ግን ያኔ ነው የጀመረው። ቤት ስመለስ በደሴ ብርድ አንሶላዬን በላብ አረጥበዋለሁ። እንቅልፍ የለም፣ ሲመጣ ደግሞ ሕልሙ ይጮሃል። ምግብ ጭቃ ጭቃ ይላል። እናቴ ሳትነግረኝ ፍራሿን በክፍሌ በር ላይ አነጠፈች። ሌሊት ለሽንት ስወጣ ተራምጃት ነው የማልፈው። "ልቆልፍብሽ አልችልም፣ ተራምደሽኝ ሂጂ" አለችኝ። ያ አራት ቀን ከዘጋችኝ በኋላ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

አክስቴ በበኩሏ መፍትሔ አመጣች። ዱዓ ያለበት ቤት ይዛኝ ሄዳ ጫት አቀረበችልኝ። "ይሄ የዱዓ ነው፣ ያንን ያስረሳሻል።" በእኛ አገር ጫት ሱስ ተብሎ አይቆጠርም፣ እንደ ምርቃት ነው የሚታየው። ለሲስተር አስካለ ፋሻ ልቀይር ስሄድ ነገርኳት።

"ያ ሸማኔ ለሐሺሽ ብቻ አይደለም የሚሠራው" አለችኝ። "የሲጋራውም የአልኮሉም አምሮት ውስጥ እጁ አለበት ይላሉ። አንዱን ሱስ በሌላ ስትተኪው እሱ አያርፍም። ለአክስትሽ ዱዓውን ተቀብያለሁ፣ ቅጠሉን ሐኪም ከልክሎኛል በያት።" እንደዚያው አልኩ። አክስቴ ሐኪሙን ሰደበችው፣ ቅጠሉን ግን ራሷ ቃመችው።

እውነቱን ልናገር፣ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ወር ነው። የቀሩ ልብሶቼን ላምጣ ብዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰብለ አቅፋኝ "ከስተሻል፣ ናፍቀሽኛል" አለችኝ፣ እያለቀሰች። ስታለቅስ አየኋት፣ ደረቴ ውስጥ ምንም የለም። ያ ምንም የሌለው ነገር ነው ያስፈራኝ። አንድ ነገር እንዲሰማኝ ብዬ ግማሽ አጨስኩ። አልተሰማኝም። ቀናት ሳይቆይ ሆዴ ተጨመቀ።

ማለዳ ሂተሩን ሰክቼ ውሃ አፈላሁ። ባልዲውን ይዤ ስወጣ እናቴ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ምንም አልጠየቀችኝም። ባልዲውን ከእጄ ወስዳ ግቢ ውስጥ ደፋችው። መሬቱ ጨሰ።

"እማ፣ እሞታለሁ።"

"በቀዝቃዛው አስመልሺ። እኔ እይዝሻለሁ።"

ሲነጋ ግንባሬን ይዛኝ ነበር። ሱብሂ አለፋት። እናቴ ሶላት ሲያልፋት አይቼ አላውቅም። ሰኞ ገበያ ሱቋን ሳትከፍት ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ፣ ሲስተር አስካለን "ሸማኔው እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀቻት፣ ነግሬያት ነበርና።

"መወርወሪያውን አንስቶ ነበር፣ አስቀመጠው" አለች ሲስተር አስካለ። "እንደገና ያነሳዋል።"

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነኝ። ሰብለ ስትደውል ስልክ አልዘጋሁባትም፣ ግን ወደ ኮምቦልቻ ብቻዬን አልወርድም። ጠዋት እናቴ ሱቅ እገባለሁ፣ በሜትር እለካለሁ፣ እግሬ ያሳክከኛል፣ እለካለሁ። ዳንሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላስመልስም እላለሁ። ደስታ ተመለሰ ልላችሁ አልችልም። አንዳንድ ቀን የገዢ ሴት ቀልድ ላይ አፌ ሊከፈት ሲል ይሰማኛል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሲስተር አስካለ ጊዜ ይፈጃል ትላለች። ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም ትላለች።

አንባቢዬ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ያዢ። "ታጨሻለሽ?" ስትባይ ጥያቄው ስለ ሲጋራ ብቻ አይደለም። ስሙን ራስሽ ጥሪው። ሐኪም ከሆንክ ደግሞ ጠርተህ ጠይቅ፣ ቤተሰብ አስወጥተህ። እናት ከሆንሽ፣ የሚሰማሽን ውሃ ከመተርጎምሽ በፊት ባልዲውን ንኪው።

ዛሬ ጠዋት ለሱብሂ ተነሳሁ። እናቴ አሁንም በክፍሌ በር ላይ ነው የምትተኛው። ተራምጃት ወጥቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። ለሶላት ዉዱእ ላደርግ እጄን ስዘረጋ ውሃው አጥንቴ ድረስ ገባ። ጣቴ ተቆረጠ ብዬ እጄን ሳብኩት። ወራት ሙሉ በዚሁ ውሃ ዉዱእ አድርጌያለሁ፣ እንዲህ አልበረደኝም ነበር። ወይ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም።

"አይ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ከፍራሹ ላይ የእናቴ ድምፅ መጣ። "ምን ሆንሽ?"

"ውሃው።"

ፍራሹ ተንኮሻኮሸ። ተነስታ ልትመጣ ነው።

"ሞቀ እንዴ?"

"አይ እማ። ይበርዳል። በጣም ይበርዳል።"

ተመልሳ ስትጋደም ሰማኋት፣ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ስትስብ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች፣ እስከ መጨረሻው።